ቅጠል ቆራጯ ጉንዳንና ሰማያዊው ቢራቢሮ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ በተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ማታ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ ሁለት ትናንሽ ፍጥረቶች ነው። የንግግሩ አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ «የአገር ጉዳይ ሁሉ አልቆ ነው ወይ ስለ ጉንዳንና ስለ ቢራቢሮ የምትሰበስቡን?» ያሉን ጓደኞች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ፍርዱን አሁን ሳይሆን ንግግሩ ሲያልቅ እንድትሰጡን እንለምናችኋለን።

ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ጉንዳን የትጋት ምሳሌ ናት ተብለን አድገናል። ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ትምህርት እንዲቀበል የላከው ወደ ገብረ ጉንዳን ነው። ቢራቢሮ ግን እንዲህ ያለ ክብር አላገኘም። ከአበባ ወደ አበባ የሚዞር፣ ልብሱን ብቻ የሚያሳምር፣ ለነገ የማያስብ ሥራ ፈት ተደርጎ ይቈጠራል። በዚሁ በግቢያችን እንኳ ከመጻሕፍት ቤት የማይወጣውን ተማሪ ጉንዳን፣ አምሮና ተውቦ የሚንሸራሸረውን ደግሞ ቢራቢሮ ማለት ይቀናናል።

እኛ የምንለው ይህ ፍርድ ችኰላ አለበት ነው። ሁለቱን ፍጥረቶች ቀርበው የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ነገር ከሩቅ ከሚታየው ጋር አይገጥምም። ጉንዳኗ ያን ያህል ደክማ የምትሸከመውን ቅጠል አትበላውም። ቢራቢሮውም በሰማያዊ ቀለም አጊጦ ይታያል እንጂ ከክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ቢፈለግ አይገኝም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ሁለቱም ወደሚኖሩበት አንድ ጫካ እንሂድ። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የፓናማ ቦይ ሲሠራ ቻግሬስ የሚባለው ወንዝ በግድብ ተዘግቶ ጋቱን የተባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተፈጠረ። ውሃው እየሞላ ሲሄድ በዙሪያው ያለው ዝቅተኛ መሬት ሁሉ ሰጠመ፤ የአንድ ኰረብታ ራስም ደሴት ሆኖ ቀረ። ስሙም ባሮ ኮሎራዶ ይባላል። ቦዩ የተከፈተው በ1914 ነው። ደሴቱ በ1923 ለጥናት ተከለለ፤ ዛሬም የስሚትሶኒያን የትሮፒካል ምርምር ተቋም ይጠብቀዋል። ስፋቱ ከ1,500 ሄክታር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዓመት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ዝናብ የሚወርድበት በመሆኑ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው። በዓለም ላይ ስለ ቆላ ዝናባማ ጫካ ከተጻፈው ትምህርት ብዙው የተገኘው ከዚህ ትንሽ ደሴት ነው። ቅጠል ቆራጯ ጉንዳንና ሞርፎ የሚባለው ሰማያዊ ቢራቢሮ በዚህ ስፍራ ጎረቤቶች ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጉንዳኗ እንናገር።

በዚያ ጫካ ውስጥ የሚሄድ ሰው ከእግሩ ሥር ጥርት ብሎ የተጠረገ ጠባብ መንገድ ያገኛል። ወርዱ ከአንድ ስንዝር ብዙ አይበልጥም፤ ርዝመቱ ግን መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ በሺህ የሚቈጠሩ ጉንዳኖች አንድ አንድ አረንጓዴ የቅጠል ቍራጭ ከራሳቸው በላይ አቁመው ይተማሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ለጥምቀት የወጣ የጃንጥላ ሰልፍ ይመስላሉ። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ክብደት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የእነዚህ ጉንዳኖች ወገን በሳይንስ ስሙ አታ ይባላል።

ቅጠሉ ለምን ይሆን? ይህ ጥያቄ የተማሩትን ሰዎች ብዙ ዘመን አከራክሯል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ከ1848 እስከ 1859 ድረስ በአማዞን ወንዝ አገር ኖሮ፣ በ1863 ባሳተመው መጽሐፉ ጉንዳኖቹ ቅጠሉን የሚያግዙት የቤታቸውን ደጃፍ ከዝናብ ለመክደን ነው ሲል ጻፈ። ቤትስ እንዲያው የሚናቅ ሰው አልነበረም። አንዳንድ ጉዳት የሌላቸው ቢራቢሮዎች መርዛሞቹን መስለው ከጠላት እንደሚያመልጡ ያስተማረ፣ ዛሬም ይኸው ትምህርት በስሙ የሚጠራለት ሊቅ ነው። ሆኖም በዚህ ነገር ላይ ያየው ደጁን ነበርና የጻፈው ስለ ደጁ ነው።

ከእርሱ በኋላ ቶማስ ቤልት የሚባል የማዕድን መሐንዲስ በኒካራጓ የወርቅ ማውጫ ሊሠራ ሄደ። ጉንዳኖቹ ከቤቱ አጠገብ የተከለውን አትክልት ቅጠል በቅጠል ገፈፉበት። ቤልት ከእነርሱ ጋር ሲታገል ቤታቸውን ቈፈረ። ከመሬት በታች ክብ ክብ የሆኑ ክፍሎች አገኘ። በክፍሎቹ ውስጥ ቅጠሉ እንደ ቅጠል አልነበረም፤ ተፈጭቶ ስፖንጅ የሚመስል ክምር ሆኗል፤ በላዩም ላይ ነጭ የፈንገስ ክር በቅሎበታል። ፈንገስ ማለት የእንጉዳይና የሻጋታ ወገን ነው። ቤልት በ1874 ባሳተመው መጽሐፉ ቅጠሉ ለጉንዳኖቹ ማዳበሪያ መሆኑን፣ ምግባቸውም በማዳበሪያው ላይ የሚያበቅሉት ፈንገስ መሆኑን ገለጠ። አልፍሬድ ሜለር የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ በብራዚል አገር ነገሩን በዝርዝር መርምሮ በ1893 የቤልት አሳብ እውነት መሆኑን አረጋገጠ።

እንግዲህ ይህች ጉንዳን ገበሬ ናት። ሠራተኞቹ ቅጠል ሲቆርጡ ከሚወጣው ፈሳሽ ይጠጣሉ፤ ልጆቻቸው የሚያድጉት ግን በፈንገሱ ነው። ፈንገሱም ለእነርሱ ሲል በጫፉ ላይ ያበጡ፣ ምግብ የሞላባቸው ጥቃቅን ራሶች ያወጣል። በ2024 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚለው የጉንዳኖች የፈንገስ እርሻ የተጀመረው ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የሰው ልጅ ማረስ ከጀመረ ገና ወደ 12,000 ዓመት ቢሆነው ነው። የገበሬነትን ዕድሜ ብንቈጥር እኛ ትናንት የመጣን ነን።

የሥራው ክፍፍል ያስደንቃል። የአንድ እናት ልጆች ሆነው ሳለ የሠራተኞቹ መጠን እጅግ ይለያያል። ከሁሉ የሚያንሱት ሁለት ሚሊሜትር ያህል ናቸው፤ እነርሱም ፈንገሱን ያርማሉ፣ ልጆቹን ያጠባሉ ለማለት ይቻላል። መካከለኞቹ ቅጠል ይቆርጣሉ። ራሳቸው ትልልቅ የሆኑት ደግሞ ወታደሮች ናቸው። ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ በሚጓዘው ቅጠል ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ። የሚያያቸው ሰው እነዚህ ደግሞ በሰው ትከሻ የሚሄዱ ባለሟሎች ናቸው ብሎ ይስቅ ይሆናል፤ ግን ዘብ ናቸው። በተሸካሚዋ ራስ ላይ እንቁላሏን ልትጥል የምታንዣብብ አንዲት ትንሽ ዝንብ አለች፤ እርሷን የሚያባርሩት እነርሱ ናቸው። መንጋጋዋ እየተበላ የዶለዶመባት አሮጊት ሠራተኛም ከመቍረጥ ወደ መሸከም ትዛወራለች እንጂ ከሥራ አትወጣም።

የዚህ ሁሉ እናት እኛ በንብ ቤት አውራ የምንላት ዓይነት ናት። ወጣቷ አውራ ክንፍ አውጥታ ከተወለደችበት ቤት ስትበር ከፈንገሱ ጥቂት ቈንጥራ በአፏ ሥር ባለች ኪስ ይዛ ትሄዳለች። ከብዙ ወንዶች ጋር በአየር ላይ ትገናኛለች፤ ወንዶቹ ወዲያው ይሞታሉ። እርሷ ክንፏን ጥላ መሬት ትቈፍርና የያዘችውን ዘር ትተክላለች። የመጀመሪያዎቹ ልጆቿ እስኪወጡ ድረስ በሰውነቷ ስብና አሁን በማያስፈልጓት የክንፎቿ ጡንቻዎች ኀይል ትኖራለች። ከሚበሩት አውራዎች አብዛኞቹ ቤት ሳያቆሙ ይጠፋሉ። የቀናት ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ልትኖር፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልጆች ያሉበት ቤት ልታስተዳድር ትችላለች።

ነገር ግን ይህ ብልጽግና ዕዳ አለበት። አንድ ዓይነት ሰብል ብቻ ለሚዘራ ገበሬ አንድ በሽታ ይበቃዋል። የጉንዳኖቹን እርሻ የሚያጠፋ እስኮቮፕሲስ የሚባል ጥገኛ ሻጋታ አለ። ስለዚህ ያለ ዕረፍት ያርማሉ፤ የተበከለውን እየነቀሉ ያወጣሉ፤ ከሰውነታቸው ዕጢ የሚወጣ መድኃኒትም ይረጫሉ። ከቅጠል ቆራጮች መካከል አክሮሚርሜክስ የሚባሉት ዘመዶቻቸው በሰውነታቸው ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ይታይባቸዋል። በ1999 ካሜሮን ኩሪና የሥራ ጓደኞቹ ይህ ነጭ ነገር ባክቴሪያ መሆኑን፣ ባክቴሪያውም ያንን ጥገኛ ሻጋታ የሚገታ አንቲባዮቲክ እንደሚሠራ አስታወቁ። ሰው ፔኒሲሊንን ያወቀው በ1928 ነው። የቆሻሻው ነገር ደግሞ ያሳዝናል። ቆሻሻ የማውጣት ሥራ የሚሰጠው በዕድሜ ለገፉት ነው። በሽታ እንዳያስገቡ ወደ እርሻው ሊመለሱ ቢሞክሩ እኅቶቻቸው ነክሰው ያባርሯቸዋል። ጉንዳንን የምናመሰግን ሁሉ ይህንንም አብረን እናንብብ።

አሁን ደግሞ ወደ ቢራቢሮው እንለፍ።

ሞርፎ የሚባለው ወገን ወደ 30 የሚሆኑ ዓይነቶች አሉት፤ ሁሉም የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ተወላጆች ናቸው። በባሮ ኮሎራዶ የሚታወቀው ክንፉ ሲዘረጋ የእጅ መዳፍ ያህላል። ክንፉ ከላይ በኩል እንደ ጋለ ብረት የሚያበራ ሰማያዊ ነው፤ ከታች በኩል ግን ቡናማ ሆኖ ዓይን የሚመስሉ ክቦች አሉበት። ሲበር ክንፉን በከፈተ ቍጥር ያበራል፣ በዘጋ ቍጥር ይጠፋል። የሚያሳድደው ወፍ አንድ ጊዜ እዚህ፣ አንድ ጊዜ እዚያ የሚበራ መብራት እንጂ የሚከተለው አካል አያገኝም። ቅርንጫፍ ላይ ዐርፎ ክንፉን ከገጠመ ደግሞ የደረቀ ቅጠል መስሎ ይቀራል።

ይህ ፍጥረት ሥራ ፈት ነው የሚል ሰው ያየው የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ብቻ ነው። ሞርፎ ከእንቁላሉ ሲወጣ አባጨጓሬ ነው። እናቱ እንቁላሏን የምትጥለው በባቄላና በግራር ወገን በሆኑ ዕፀዋት ቅጠል ላይ ነው። አባጨጓሬው ጠጉራም ነው፤ የነኩት እንደሆነ የሻገተ ቅቤ የሚመስል ሽታ ያወጣል። አሳዳጊ የለውም፣ ቤት የለውም፣ እኅት ወንድም ቢገናኙም እርስ በርስ እስከ መበላላት ይደርሳሉ። ሥራው መብላት ብቻ ነው፤ የሚበላውም ለኋላ ዘመኑ ሥንቅ ነው። ከዚያ በኋላ በአረንጓዴ ሽፋን ውስጥ ተዘግቶ ሰውነቱ እንደ አዲስ ይሠራል። ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ መንጋጋ የለውም፤ እንደ ገለባ ባለ ቱቦ መምጠጥ ብቻ ይችላል። የሚመጥጠውም የአበባ ማር ሳይሆን መሬት ላይ ወድቆ የበሰበሰ ፍሬና ከቈሰለ ግንድ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። እንቁላል ከሆነበት ቀን ጀምሮ ዕድሜው በጠቅላላው አራት ወር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ውበት የሚመገበው ሌላው ከጣለው ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። የቢራቢሮ ክንፍ እንደ ቤት ጣራ በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። የሞርፎን ቅርፊት በተራ ማይክሮስኮፕ ቢመለከቱት ሰማያዊነቱ ከየት እንደመጣ አይታይም። በ1942 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየ ጊዜ ግን በቅርፊቱ ላይ ረድፍ ረድፍ የሆኑ ሸንተረሮች፣ በእያንዳንዱም ሸንተረር ጎንና ጎን እንደ ጥድ ቅርንጫፍ ደርብ ደርብ ሆነው የወጡ ስስ ንጣፎች እንዳሉ ታወቀ። ንጣፎቹ ኪቲን ከሚባለው፣ የጉንዳንም ቆዳ ከተሠራበት ነገር የተሠሩ ናቸው። በንጣፍና በንጣፍ መካከል ያለው አየር ነው።

ብርሃን ሲመታቸው ከእያንዳንዱ ንጣፍ ጥቂት ጥቂት ይመለሳል። ሁለት ሰዎች አንድ ግንድ ሲጎትቱ እኩል «ሆ» ብለው ከሳቡ ኀይላቸው ይደመራል፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ቢገፋ ግን የአንዱ ድካም የሌላውን ያፈርሳል። የብርሃን ሞገድም እንዲሁ ነው። የንጣፎቹ ርቀት የተለካው በ450 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ሲመለስ እንዲደመር ሆኖ ነው፤ የቀሩት ቀለሞች እርስ በርስ ይፋረሳሉ። ይህም የሞገድ ርዝመት የሰው ጠጉር ውፍረት ለመቶ ቢከፈል ከአንዱ ክፍል ያነሰ ነው። ከሥር ያለው ጥቍር ቀለም የተረፈውን ብርሃን ስለሚውጠው ሰማያዊው ጎልቶ ይወጣል። በ1999 የታተመ የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ልኬት እንዳሳየው ከዚሁ ወገን የአንዱ ክንፍ ከወደቀበት ሰማያዊ ብርሃን እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ይልካል።

ይህን በቀላል ሙከራ ማረጋገጥ ይቻላል። በደረቀ የሞርፎ ክንፍ ላይ አንድ ጠብታ አልኮል ቢያንጠባጥቡ ቦታው ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል። አልኮሉ በንጣፎቹ መካከል የነበረውን አየር አስወጥቶ ቦታውን ስለሚይዝ የብርሃኑ መንገድ ይለወጣል። አልኮሉ ተንኖ ሲያልቅ ሰማያዊነቱ እንደ ነበረ ይመለሳል። ቀለም ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር። በ2007 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠባይ ተከትለው የሞርፎ ቅርፊት ለተለያየ ተን የተለያየ የብርሃን ምልክት እንደሚሰጥ አሳይተዋል። ሥራ ፈት የተባለው ቢራቢሮ ለመሐንዲሶች አስተማሪ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን እናቁማቸው።

አንደኛ፣ ስለ ሀብት። የጉንዳኗ ሀብት ከመሬት በታች ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል፤ አውራዋ ከእናቷ ቤት ይዛ የወጣችው ቍንጥር ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት የተጀመረ ውርስ ነው። የቢራቢሮው ሀብት በገላው ያለው ብቻ ነው፤ ለልጁ የሚተወውም የቅጠል ምርጫ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ነፃነት። ቢራቢሮው ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይሞታል። ጉንዳኗ ከቤቷ ብትለይ ልትኖር አትችልም። ከዚህም በላይ ያለ ፈንገሱ ጉንዳኗ፣ ያለ ጉንዳኗም ፈንገሱ አይኖሩም። ገበሬው ሰብሉን እንደሚገዛ ሁሉ ሰብሉም ገበሬውን ገዝቶታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ጠላት። ጉንዳኗ ጠላቷን በብዛትና በወታደር ትመክታለች፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለእርሷ ይሠራል። ቢራቢሮው የሚያብርለት ስለሌለ መታየትንና መሰወርን በአንድ ክንፍ ፊትና ጀርባ ይዞ ይኖራል።

ታዲያ ማን ይበልጣል? በዚህ ላይ አንድ ሁለታችሁ «ይኽ ሁሉ ቢሆንም ትጋት ትጋት ነው፤ ጉንዳን መመስገኗ አይቀርም» እንደምትሉ እናውቃለን። መልሳችን ከሌላ ደሴት የመጣ ነው። በቬኔዙዌላ የጉሪ ግድብ በ1986 ሲሞላ እንደ ጋቱን ሐይቅ ብዙ ኰረብታዎችን ደሴት አደረጋቸው። ትናንሾቹ ደሴቶች ለአዳኝ እንስሳት መኖሪያ የማይበቁ ሆኑ። ጆን ተርቦርግና የሥራ ጓደኞቹ በ2001 እንዳስታወቁት በእነዚያ አዳኝ በሌለባቸው ደሴቶች ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖችና ሌሎች ቅጠል በል እንስሳት በአቅራቢያው ካለው የብስ ይልቅ ከ10 እስከ 100 እጥፍ በዝተው ተገኙ። የትልልቆቹ ዛፎች ችግኝም ክፉኛ አነሰ። ልብ አድርጉ፤ ጉንዳኖቹ አልሰነፉም፣ ጠባያቸውም አልተለወጠም። ያው ትጋት፣ ያው ሰልፍ፣ ያው ሥርዐት ነው። የጎደለው የሚገታቸው ብቻ ነው። ትጋታቸው ልኩን ባለፈ ጊዜ የሚኖሩበትን ጫካ መብላት ጀመሩ።

ስለዚህ የአንድ ፍጥረት ምስጋናም ነቀፌታም በፍጥረቱ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ጉንዳኗ በሙሉ ጫካ ውስጥ መሬቱን የምትገለብጥና የምታዳብር ባለውለታ ናት፤ በጎደለ ጫካ ውስጥ ያው እርሷ አጥፊ ትሆናለች። ቢራቢሮውም አባጨጓሬው የሚበላው ዛፍ፣ እርሱ የሚመጥጠው የወደቀ ፍሬ፣ ክንፉን የሚያበራለት የፀሐይ ጨረር በአንድነት ካልተገኙለት አንድ ወቅት አያልፍም። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ የጫካው ባለ ዕዳዎች ናቸው።

ይህ ነገር ከእኛ አገር የራቀ ተረት እንዳይመስላችሁ ሁለት ነገር እንጨምር። ከእኛ የደቡብ ምዕራብ ጫካ የወጣው ቡና ባሕር ተሻግሮ በመካከለኛው አሜሪካ ከተተከለ ጀምሮ ቅጠል ቆራጯ ጉንዳን ከምታጠቃቸው አዝመራዎች አንዱ ሆኗል። ሁለተኛውም ፈንገስ ማረስ የአሜሪካ ጉንዳኖች ብቻ አለመሆኑ ነው። በአፍሪካና በእስያ ምስጦች ይህንኑ ጥበብ ለብቻቸው አግኝተውታል። በታንዛኒያ በሩክዋ ሸለቆ 25 ሚሊዮን ዓመት የሆነው፣ ወደ ድንጋይ የተለወጠ የምስጥ እርሻ መገኘቱ በ2016 ታትሟል። በወለጋና በስምጥ ሸለቆ ኩይሳ የሚሠሩት ትልልቅ ምስጦች ከዚሁ የገበሬ ወገን ናቸው። ዝናብ ሲጥል ከኩይሳ ሥር የሚበቅለውን ትልቅ እንጉዳይ ለቅሞ የበላ ሰው ከምስጥ እርሻ ተመግቧል ማለት ነው። በየመንገዱ ዳር ኩይሳ እያየን ያደግን ስንት ነን? ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቅንስ ስንት ነን?

አሁን ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እንስጥ። ስለ ጉንዳንና ስለ ቢራቢሮ የሰበሰብናችሁ የአገር ጉዳይ ስላለቀ አይደለም። ቤትስ ያህል ሊቅ ደጁን ብቻ አይቶ ከፈረደ እኛ ስለ ሰው፣ ስለ መሬትና ስለ ልማት የምንሰጠው ፍርድ ምን ያህል ጥንቃቄ ያስፈልገው ይሆን? በየስብሰባው «ገበሬው ሰነፍ ነው»፣ «ዘላኑ ሥራ አይወድም»፣ «ጫካ ባዶ መሬት ነው» ሲባል እንሰማለን፤ እናጨበጭባለንም። ይህን የሚል ሰው ቤቱን ቈፍሮ አይቷል? ቅርፊቱን በመነጽር ተመልክቷል? ወይስ ሰልፉንና ብልጭታውን ብቻ አይቶ ነው? ደግሞም ጫካው ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን «እነሆ ትጋት!» ከማለታችን በፊት የጉሪን ደሴቶች ማስታወስ ይገባናል። ሠራተኛ መሆን መልካም ነው፤ ሥራው ምን እየበላ እንደሚያድግ መጠየቅ ግን የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

በመጨረሻ አንድ አሳብ እናቀርባለን። የክረምት ዕረፍት ሲደርስ ሁላችንም ወደየአገራችን እንሄዳለን። ወደ አገሩ የሚሄድ እያንዳንዱ አባል አንድ ፍጥረት ይምረጥ። ምስጥ ቢሆን፣ ንብ ቢሆን፣ አባጨጓሬ ቢሆን ልዩነት የለውም። በአካባቢው ሰዎች ዘንድ ስሙ ማን እንደሚባል፣ ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚበላው፣ ስለ እርሱም ሽማግሌዎች ምን እንደሚሉ ይጠይቅ፤ ከዚያም በገዛ ዓይኑ የሰማው እውነት መሆኑን ይመልከት። ያገኘውን በአንድ ገጽ ጽፎ ለዚህ ጋዜጣ ቢሰጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመጻሕፍት ቤታችን መደርደሪያ ላይ የማይገኝ ትምህርት እንሰበስባለን። መምህሮቻችንም ጽሑፉን አይተው እንዲያርሙልን በአክብሮት እንለምናለን።

እስከዚያው ድረስ በግቢያችን ጉንዳንና ቢራቢሮ እየተባባልን መቀላለዳችን አይቀርም። ብቻ ቃሉን ስንወረውር ጉንዳን የተባለው ሰው የሚሸከመውን እንደማይበላ፣ ቢራቢሮ የተባለውም የሚያበራው ባልለበሰው ቀለም እንደሆነ እናስታውስ።